ከሌባው ይልቅ ባሕሩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካሪቢያን ለሚጓዙ

የመጀመሪያውን የካሪቢያን ጉዞ የሚያሰናዳ ሐበሻ፣ ከዋሽንግተን ይነሣ ከአዲስ አበባ፣ ከዘመድ ወዳጅ የሚደርሰው ምክር ተመሳሳይ ነው። «ወርቅሽን አውልቀሽ ሂጂ»፣ «ማታ ከሆቴል እንዳትወጪ»፣ «ስልክሽን ከነጠቁሽ ዝም ብለሽ ስጪ»። መዳረሻው ጃማይካ ከሆነ ምክሩ በእጥፍ ይጨምራል። ስለ ባሕሩ የሚያነሣ ግን የለም፤ ቢያነሣም «ፎቶ ላኪልን» ለማለት ነው።

ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ለመንገደኞች በሚያዘጋጀው መመሪያ እንደሚገልጸው፣ አሜሪካውያን ውጭ አገር ሳሉ በአደጋ ከሚሞቱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የመኪና አደጋና መስጠም ይገኙበታል። መዝናኛው ውሃ ላይ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ መስጠም ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይቀድማል። ሌባን የሚፈራ ሰው ቦርሳውን ይጠብቃል፣ በሩን ይቆልፋል። ባሕሩን የማይፈራው ያው ሰው ግን ሁለት ብርጭቆ ሮም ጠጥቶ፣ ዋና ሳይችል፣ ማንም በማይጠብቀው ዳርቻ ውሃ ውስጥ ይገባል።

ነገሩን በአንዲት ደሴት ላይ ማየት ይሻላል። ጃማይካ ስፋቷ የጣና ሐይቅን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። 2.8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት፤ በደህና ዓመት ደግሞ ከራሷ ሕዝብ የሚበልጥ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ታስተናግዳለች። ወንጀሏን መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገድለውባታል፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ አገር ብዙ ነው። ይሁንና ግድያው በአብዛኛው የወሮበላ ቡድኖች ጉዳይ ሲሆን፣ የሚፈጸመውም ቱሪስት በማይረግጣቸው ሰፈሮች ነው፤ ስፓኒሽ ታውንና የምዕራብ ኪንግስተን አንዳንድ መንደሮች በዚህ ይታወቃሉ። ቁጥሩም እየቀነሰ መጥቷል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2017 ዓ.ም. ለጃማይካ የሚሰጠውን የጉዞ ማሳሰቢያ ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 2 ዝቅ ያደረገውም በዚሁ ምክንያት ነበር። እነዚህ ደረጃዎች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማየት ይገባል። ጎረቤቷ ሄይቲ ግን ለሽርሽር የሚታሰብባት ጊዜ ላይ አይደለችም።

ጎብኚውን የሚያገኘው ወንጀል አብዛኛውን ጊዜ ተራ ስርቆት ነው፦ ዳርቻ ላይ የተተወ ቦርሳ፣ ያልተቆለፈ የበረንዳ በር፣ መንገድ ዳር ባለ ኤቲኤም ላይ የተቀዳ የባንክ ካርድ። መድኃኒቱም ተራ ነው። ገንዘብ ባንክ ወይም ሆቴል ውስጥ ካለ ማሽን ይወጣል፣ ፓስፖርቱ በክፍሉ ካዝና ተቆልፎ ቅጂው ይያዛል፣ ዘራፊ መሣሪያ ይዞ ከመጣ ያለ ክርክር የጠየቀው ይሰጠዋል። ሴቶች ብቻቸውን ሲጓዙ አንድ ነገር ይጨመራል። የአሜሪካ መንግሥት ማሳሰቢያ በጃማይካ ወሲባዊ ጥቃት ትልልቅ ሪዞርቶች ውስጥ ሳይቀር እንደሚደርስ ይናገራል። ስለዚህ መጠጥን ጥሎ ዘወር አለማለት፣ ለማያውቁት ሰው፣ የሆቴሉን ልብስ የለበሰም ቢሆን፣ የክፍል በር አለመክፈት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ውሃው።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዋና ተምሮ ከሆነ የተማረው ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ወይም ላንጋኖ ዳር ነው። ላንጋኖ ዋናተኛውን ባለበት ይተወዋል። ውቅያኖስ ግን ይወስዳል። ማዕበል ወደ ዳርቻ የሚገፋው ውሃ ተመልሶ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫውም ብዙ ጊዜ በሞገዶቹ መካከል ያለ ጠባብ መስመር ነው። ይህ ጎታች ጅረት ከላይ ሲያዩት የተረጋጋ ይመስላል፦ ጠቆር ይላል፣ አረፋ የለውም፣ ሞገዱም እዚያ ላይ አይሰበርም። ባሕር የማያውቅ ሰው ታዲያ «እዚህ ይሻላል፣ ጸጥ ይላል» ብሎ የሚመርጠው በትክክል ያንን ቦታ ነው።

ጎታች ጅረት ሰውን ወደ ታች አያሰጥምም፤ ወደ ውጭ ይወስደዋል። የሚገድለው ድንጋጤውና ድካሙ ነው። ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት ለመመለስ የሚታገል ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ብዙም ሳይቆይ ይዝላል። ማድረግ ያለበት ጅረቱን አለመታገል ነው፤ በጀርባ ተንሳፍፎ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ከዚያ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጠባቡ መስመር መውጣት፣ በመጨረሻ ወደ መሬት መመለስ። መዋኘት ካቃተው እየተንሳፈፈ እጁን አንሥቶ ርዳታ ይጥራ። ሌላ ሰው ሲወሰድ ያየ ደግሞ ዘሎ ከመግባት የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርለት፤ ለማዳን ገብተው የቀሩ ሰዎች ታሪክ በየባሕሩ ዳር አለ።

ሁሉም ዳርቻ አንድ አይደለም። በጃማይካ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው የኔግሪል ረጅም አሸዋ በአብዛኛው ጊዜ ለስላሳ ነው። በባርቤዶስ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው ባትሼባ ግን አትላንቲክን ፊት ለፊት ስለሚቀበል ለሞገድ ተንሸራታቾች እንጂ ለዋናተኞች አይሆንም፤ ሁለቱም በፎቶ እኩል ያምራሉ። በካሪቢያን ነፍስ አድን ዋናተኛ የሚቆምባቸው ዳርቻዎች ጥቂት ናቸው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ መግባት የለም። ባንዲራም ጠባቂም ከሌለ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ነው። ዓሣ አጥማጁ የማይገባበት ውሃ ለእንግዳም አይሆንም።

ሮሙ ደግሞ አለ። በጃማይካ በየመጠጥ ቤቱ የሚገኘው ነጩ «ኦቨርፕሩፍ» ሮም 63 በመቶ አልኮል ነው። አረቄ የለመደ ሰው እንኳ ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብለት ጉልበቱን አይረዳውም። ሁሉም ነገር አስቀድሞ በተከፈለበት ሪዞርት ደግሞ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ አይቆይም። ከመጠጥ በኋላ ዋና፣ ጀልባ፣ ፏፏቴ መውጣት፣ ሦስቱም ይቅሩ። ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ያለውን የደንስ ሪቨር ፏፏቴ ጎብኚዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚወጡት ለፎቶ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። የማያንሸራትት የውሃ ጫማ ማድረግ ይገባል።

የጀልባ ጉዞ ሲሆን ላይፍ ጃኬቱን ማየት ብቻ ሳይሆን መልበስ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በባሃማስ ከ100 በላይ መንገደኞችን ወደ ብሉ ላጉን ደሴት የጫነ ጀልባ ውሃ ገብቶበት ሰጥሞ አንዲት አሜሪካዊት ጎብኚ ሞታለች። ከዋናዋ ደሴት እምብዛም ሳይርቅ ነበር። በዚያው አገር የጀት ስኪ አከራዮች በቱሪስቶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት እንደፈጸሙ የአሜሪካ ማሳሰቢያ በግልጽ ይጠቅሳል። ዳርቻ ላይ ቀርቦ «ና ላዙርህ» ከሚል ሰው ይልቅ ሆቴሉ ከሚያውቀው፣ ፈቃድና ኢንሹራንስ ካለው ድርጅት መከራየት ዋጋው ቢበዛም ያዋጣል።

መንገዱ ሁለተኛው አደጋ ነው። ጃማይካ እስከ ነሐሴ 1962 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ስለነበረች መኪና በግራ በኩል ይነዳባታል። (ኢትዮጵያም በአንድ ወቅት በግራ ትነዳ ነበር፤ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያንን የሚያስታውስ ሹፌር ግን ዛሬ ብዙ አይገኝም።) እግረኛ መንገድ ሲያቋርጥ በልማድ ወደ ግራ ያይና መኪናው በቀኝ ይመጣበታል፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት ያስፈልጋል። መኪና መከራየት የፈለገ የተራራውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጉድጓዱን፣ በጨለማ የሚያቋርጡ ፍየሎችን ማሰብ አለበት። በመጀመሪያው ጉዞ፣ በተለይ ማታ፣ ባይነዱ ይመረጣል።

ታክሲው ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሰው እየጫነ እያወረደ በመስመር የሚሠራው «ሩት ታክሲ» ይባላል፤ ኮንትራትም አለ። ፈቃድ ያለው መኪና ቀይ ታርጋ ይለጥፋል። ቀይ ታርጋ የሌለው መኪና ሹፌሩ ምንም ያህል ደግ ቢመስል አይገባበትም። ቆጣሪ የሚሠራበት ብርቅ ስለሆነ ዋጋው ከመግባት በፊት ይቆረጣል፤ ሲቆረጥም «በየትኛው ዶላር?» መባል አለበት። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 በላይ የጃማይካ ዶላር ይመነዘራል። ይህን ጥያቄ የረሳ እንግዳ መድረሻው ላይ መጨቃጨቁ አይቀርም።

ጉዞው መቼ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት መነሣት ነበረበት፤ ብዙ ሰው ግን ርካሽ ትኬት ካገኘ በኋላ ነው የሚያስበው። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ይዘልቃል፤ የሚበረታው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ትኬትና ሆቴል የሚረክሰውም ያኔ ነው፤ አጋጣሚ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲዘጉ የሚጓዙ የአሜሪካ ነዋሪዎች ወቅቱ መሃል ይገባሉ።

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በምዕራብ ጃማይካ፣ ዌስትሞርላንድ በተባለው አውራጃ፣ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ነፋስ መሬት ረገጠ። በጃማይካ በተመዘገበ ታሪክ ከዚያ የበረታ አልታየም። ብላክ ሪቨር የምትባለዋ የወደብ ከተማ ፈራረሰች፣ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኛው ቱሪስት የሚያርፍበት የሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያ ተጎዳ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ እንግዶችም በየሆቴሉ ተዘግተው ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቁ። አንዳንዶቹ ሆቴሎች ለወራት አልተከፈቱም። ሜሊሳ ቀስ ብሎ የሚጓዝ ስለነበር ማስጠንቀቂያው ቀናት ቀድሞ ተነግሯል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ከደካማ ዝናብ አዘል አየር ተነሥቶ ደረጃ 4 ለመድረስ የፈጀበት ሁለት ቀን ገደማ ነበር።

ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የአውሎ ነፋስ ማዕከል ሁለት ዓይነት መልእክት ያወጣል። የመጀመሪያው «ሊመጣ ይችላል» የሚል ሲሆን 48 ሰዓት ገደማ ቀድሞ ይወጣል፤ ሁለተኛው «ይመጣል፣ ተዘጋጁ» የሚል ሲሆን 36 ሰዓት ገደማ ሲቀር ይወጣል። ብልህ መንገደኛ በመጀመሪያው ላይ አውሮፕላን ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ላይ ወንበር የለም። የጉዞ ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ያንን አውሎ ነፋስ አይሸፍንም። ወቅቱ ውስጥ መጓዝ ግድ የሆነበት ሰው አሩባን፣ ቦኔርንና ኩራሳዎን ሊያስብ ይችላል፤ ሦስቱ ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ አጠገብ ስለሆኑ የአውሎ ነፋሱ ዋና መንገድ እምብዛም አያገኛቸውም።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ትንንሾቹ አደጋዎች ናቸው፤ ትንኝም አንዷ ናት። ጃማይካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ መግባቱን በይፋ አውጃለች። ደንጊ ለኢትዮጵያም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን አንገላቷታል። የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ቅባትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ትኩሳትና ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም የያዘው ሰው ሐኪም እስኪያይ ድረስ ከፓራሲታሞል በቀር አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይውሰድ፤ ሁለቱ የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደበትን ቢጫ ካርድ ይጠየቃል። አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ ግን ከጠፋ እንዳልተከተቡ ይቆጠራል።

የፀሐይ ነገር ለደገኛ አዲስ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን የባሕሩ ነፋስ ቃጠሎውን ይደብቃል፣ ውሃውና አሸዋውም ፀሐዩን መልሰው ያንጸባርቃሉ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ሰንስክሪን፣ ባርኔጣ፣ ከሮሙ በላይ ውሃ።

ምግቡ ላይ ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የጃማይካ ብሔራዊ ፍሬ አኪ ይባላል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ሲሆን ከጨው ዓሣ ጋር ተጠብሶ ለቁርስ ሲቀርብ የእንቁላል ጥብስ ይመስላል። ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ በራሱ ተሰንጥቆ ካልተከፈተ ግን መርዝ ነው። የደም ስኳርን በኃይል ዝቅ አድርጎ ያስመልሳል፣ ሰውን ሊገድልም ይችላል፤ በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ያበሰለውን እንጂ ከዛፍ ቀጥፎ መሞከር የለም። ሁለተኛው ባራኩዳን የመሳሰሉ ትልልቅ የድንጋይ ሪፍ ዓሦች ናቸው። አንዳንዴ ጣዕሙም ሽታውም የማያስታውቅ፣ እሳትም የማያጠፋው መርዝ ይይዛሉ።

ዳርቻ ላይ የወደቀ ፍሬም አይበላም። ማንቺኒል የሚባለው ዛፍ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያፈራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶቤጎ ደሴት ላይ ለዕረፍት የሄደች አንዲት እንግሊዛዊት ሐኪም ከዳርቻው አንሥታ ቀመሰችው። መጀመሪያ ጣፈጣት፤ ከዚያ ጉሮሮዋ ተቃጥሎ እስከመጥበብ ደረሰ። ከሰዓታት ሥቃይ በኋላ ድና ታሪኩን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈችው። የዛፉ ወተት ቆዳን ስለሚልጥ በዝናብ ጊዜ ከሥሩ መጠለል እንኳ አይቻልም። በብዙ ደሴቶች ግንዱ ቀይ ቀለም ይቀባል ወይም ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል።

ሕጉም ያስደነግጣል። ሬንጀር ልብስ፣ ለፋሽን የተሠራው ሳይቀር፣ በጃማይካ፣ በባርቤዶስ፣ በትሪኒዳድና ቶቤጎ እና በሌሎችም ደሴቶች ለሲቪል ሰው ክልክል ነው፤ የሕፃን ቁምጣም ቢሆን ቤት ይቅር። በአሜሪካ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ የሻንጣውን ኪስ ሁሉ አራግፎ ይውጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተርክስና ካይኮስ ደሴቶች በርካታ አሜሪካውያን ሻንጣቸው ውስጥ በተረሱ ጥይቶች ምክንያት ታስረዋል። ሕጉ ቢያንስ የ12 ዓመት እስራት ያዝዝ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተሻሽሎ ለዳኞች ሰፋ ያለ ሥልጣን ተሰጠ እንጂ ወንጀልነቱ አልቀረም። ጋንጃን በተመለከተ «ጃማይካ እኮ ፈቅዳለች» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ ሁለት አውንስ ወይም 57 ግራም ገደማ መያዝን ወደ ቀላል የገንዘብ ቅጣት አወረደው። ለራስ ተፈሪያን ሃይማኖታዊ አገልግሎት መብት ሰጠ። አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ መገኘት ግን እስር ቤት ያስገባል።

ራስ ተፈሪያን ከተነሡ አይቀር፣ ኢትዮጵያዊ በጃማይካ እንደ ማንኛውም እንግዳ አይታይም። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለመውረድ የቻሉት ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለ የራስ ተፈሪያን አባት ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነበር። ያ ቀን ዛሬም በየዓመቱ ይከበራል። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ያለ ሰው ስለዚህ ሳይጠብቀው እቅፍ ሊገጥመው ይችላል፤ አብዛኛው ከልብ ነው። ስለ ንጉሡ ሲነሣ አለመሳለቅ፣ ክርክር አለመግጠም ጨዋነትም ደህንነትም ነው። ያን ፍቅር ለንግድ የሚጠቀሙም አሉና «ወንድሜ» ብሎ የእጅ አምባር ያሰረ ሰው በኋላ ዋጋ ሊጠይቅ እንደሚችል ማወቅ ደግ ነው። በጃማይካ ከምንም ጥያቄ በፊት ሰላምታ ይቀድማል፤ «እንዴት አደሩ» ሳይል መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ እንደ ባለጌ ይታያል። ይህን እንኳ ሐበሻ አያጣውም።

ከመነሣት በፊት ሁለት ወረቀቶች ይረጋገጡ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ከደሴቲቱ ቪዛ ጥያቄ ሌላ የመሸጋገሪያውንም ማሰብ አለበት፤ በማያሚ ወይም በኒውዮርክ ለሰዓታት ብቻ የሚያልፍም የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። ኢንሹራንሱ ደግሞ የሆስፒታልን ብቻ ሳይሆን በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር የመወሰድን ወጪ መሸፈኑ ይጠየቅ፤ የግል ሆስፒታሎች ከሕክምናው በፊት ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ የሕክምና አውሮፕላን ዋጋም የአንድን ቤተሰብ ጥሪት የሚያሟጥጥ ነው።

በጃማይካ የፖሊስ ቁጥር 119፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ደግሞ 110 ነው። አውሮፕላኑ ሳይነሣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ አብረዋችሁ ለሚጓዙ ልጆችም አስጠኑ።